የጋሽ ተሰማን ልጅ ያወቁት ፖሊስ

ዛሬ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ገብቼ «ሌባ በተሰረቀው መታወቂያዬ ሲም ካርድ አውጥቶ፣ በስሜ እየደወለ ሰው እያታለለ ነው» አልኩ።

መዝጋቢው ወጣት ፖሊስ «መታወቂያሽን አምጪ» አለኝ።

«እሱ ነው እኮ የተሰረቀው!»

«ታዲያ ሂሩት መሆንሽን በምን አውቃለሁ?»

ሳስበው ልጁ አልተሳሳተም። ሌባው ሂሩት የሚል ካርድ ይዟል፤ እኔ የያዝኩት ንዴቴን ብቻ ነው።

ድምፄን ከፍ ሳደርግ፣ ጥግ ላይ ፋይል የሚያገላብጡ አንድ ሽማግሌ ሃምሳ አለቃ ቀና አሉ። «አንቺ፣ ቦሌ ሚካኤል የብረት በር ይበይድ የነበረው የጋሽ ተሰማ ልጅ አይደለሽም? ስትቆጪ ቁርጥ አባትሽን!»

እንባዬ መጣ። አባዬ ካረፈ ስንት ዘመኑ!

ያኔ የሰፈሩ ፖሊስ በእግሩ እየዞረ ስማችንን ከነአባታችን ይጠራ ነበር። የቀበሌ መታወቂያ ለማውጣት እንኳ ሦስት ጎረቤት ቀርቦ «እናውቃታለን» ብሎ ይፈርም ነበር። እኔ ደግሞ እሱን እንደ ጣጣ እቆጥረው ነበር!

ሃምሳ አለቃው ወደ ወጣቱ ዞሩ። «መጀመሪያ ቃሏን ተቀበልና ማስረጃ ጻፍላት፤ ሄዳ ቁጥሩን ታዘጋ። ማንነቷን ከዚያ ታጣራለህ። ሌባው አንተ እስክታጣራ አይጠብቅም።»

ወዲያው ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። በር ላይ ሳመሰግናቸው፣ በሚቀጥለው ወር ጡረታ እንደሚወጡ ነገሩኝ።

እናንተስ፣ መታወቂያችሁ ቢጠፋ «የእከሌ ልጅ ናት» የሚል ሰው ሰፈራችሁ ቀርቷል? ካለ ዛሬውኑ ሄዳችሁ ሰላም በሉት፤ ከዚያ መጥታችሁ ስለ እሱ ጻፉልኝ።