የተጨበጠች እጅና አርባ ስምንት ጠጠር

የመጀመሪያ የሥራ ቀኔን የማስታውሰው በንክሻው ነው። የድሬሰርነት ኮርሴን ጨርሼ ድሬዳዋ ስመደብ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የጃንሆይ ነው፤ ሃምሳዎቹ ገና መጀመራቸው። ነጭ ጋዋኔን አስተኩሼ፣ ጫማዬን አስጠርጌ ገና በጠዋት ሆስፒታሉ ደረስኩ። የልጆች ክፍል ዋና ድሬሰር አቶ በየነ ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ፒንሳ ይሰጡኛል ብዬ ስጠብቅ የአንድ ልጅ እግር ሰጡኝ። "ያዝ፤ እንዳትለቅ" አሉኝ። ልጁ ጭኑ ላይ ቁስል ነበረው። የተጣበቀው ፋሻ ሲላቀቅ ጮኸና ክንዴን ነከሰኝ። አልለቀቅኩም። አቶ በየነ ሥራቸውን ሲጨርሱ ክንዴን በአልኮል ጠረጉልኝና፣ የልጆች ክፍል ማለት ይኸው ነው፣ አንዱ ይይዛል አንዱ ይሠራል አሉኝ። ከዚያ በላይ ትምህርት አልሰጡኝም።

ሁለት ዓመት ሙሉ ያዝኩ። ልጆቹ የትሮሊው ጎማ ገና ከኮሪደሩ ሲንጫጫ ማልቀስ ይጀምራሉ። አሥራ አራት አልጋ፣ አሥራ አራት ጩኸት፤ አንዱ በአማርኛ፣ አንዱ በኦሮምኛ፣ አንዱ በሶማሊኛ። በዚያ ላይ እናቶቹ አሉ፣ አክስቶቹ አሉ፣ ጎረቤቶቹ አሉ። ድሬ ውስጥ አንድ ልጅ ሲታመም ሰፈሩ በሙሉ ይተኛል። እኔ ደግሞ ደገኛ ነኝና "እርስዎ" የለመደ ጆሮዬ እዚህ ከዘበኛው እስከ ሕፃኑ "አንተ" ሲለኝ ደሜ ይፈላ ነበር።

ጨዋታ ወደ ሥራዬ የገባው በርኅራኄ አይደለም። ወጣት ባልደረቦቼ እንዲህ ስላቸው ቅር ይላቸዋል፤ እውነቱ ግን ጩኸቱ ስለመረረኝ ነው። አንድ ጠዋት አንዲት ልጅ መሬት የወደቀ ቁራጭ ፋሻ አንስታ የትራሷን ጫፍ ስትጠቀልል አየኋት። ንጹሕ ፋሻ ሰጠኋትና ግራ እጄን ዘረጋሁላት። እየተቆጣችኝ፣ "አትንቀሳቀስ፣ ወንድ አይደለህም እንዴ?" እያለች ስታሽገኝ፣ እኔ በቀኝ እጄ የእሷን ቁስል ፈታሁ። አልጮኸችም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ልጅ መጀመሪያ እኔን ያሽገኛል፣ ቀጥሎ እኔ እሱን። አቶ በየነ፣ የምናክመው አንተን ነው ወይስ በሽተኛውን ብለው ተሳለቁብኝ። ሁለት ሰዓት ይፈጅ የነበረው ሥራ በአንድ ሰዓት ሲያልቅ ግን መሳለቁን ተዉት።

ሳሃራ የመጣችው በሦስተኛው ዓመቴ ነው። ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። እናቷ ሰዓዳ መጋላ ውስጥ ሳምቡሳ የምትጠብስ የሶማሌ ሴት ናት። ልጅቷ ተደናቅፋ ቀኝ እጇ የሚንተከተክ ዘይት ውስጥ ገባ። መዳፏና ጣቶቿ ከውስጥ በኩል ክፉኛ ተቃጥለው ነበር። እንደ ደንቡ በፐርማንጋኔት ሐምራዊ ውሃ እየነከርን፣ በቫዝሊን ጎዝ እየሸፈንን አንድ ወር አከምናት። ቁስሉ ዳነ። ችግሩ የመጣው ከዳነ በኋላ ነው።

አዲሱ ቆዳ እየተኮማተረ ጣቶቿን ወደ መዳፏ ይስባቸው ጀመር። ልጅቷ ደግሞ ያማታልና አታንቀሳቅሳቸውም፤ እጇን ጨብጣ አንሶላ ሥር ትደብቃለች። ዶክተራችን የውጭ አገር ሰው ነበሩ፤ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ጣቶቹ በየቀኑ ካልተንቀሳቀሱ እጁ እንደተጨበጠ ይቀራል፣ እስከ ሦስት ሳምንት ካልተከፈተ አዲስ አበባ ሄዳ በቀዶ ጥገና ይፈታል አሉ። ይህን ለእናቷ ስነግራት፣ አዲስ አበባ የማውቀው ሰው የለኝም፣ ጀልዴሳ ወስጄ ለወጌሻ አሳያታለሁ አለችኝ። ወጌሻ ስብራት ያውቃል፤ የተቃጠለ ቆዳ ሲጎተት ምን እንደሚሆን ግን ከዚያ በፊት አንድ ልጅ ላይ አይቼ ነበር። አትውሰጃት አልኳት።

"ታዲያ በግራዋ ልትበላ ነው?" አለችኝ። "ማን ነው ከእሷ ጋር ከአንድ ሳህን የሚበላው? ማንስ ያገባታል?"

ለሙስሊም ልጅ ቀኝ እጅ ምን እንደሆነ ድሬ የኖረ ሰው ያውቀዋል።

በመጀመሪያ በጉልበት ሞከርኩ፤ እንደተማርኩት፣ አንዱ ይይዛል አንዱ ይሠራል። ጣቶቿን አንድ በአንድ ስዘረጋ አዲሱ ቆዳ ተሰንጥቆ ደማ። ዶክተሩ ተቆጡኝ፤ ራሷ እንድታንቀሳቅሰው አድርግ እንጂ አትጎትት አሉ። እንድታንቀሳቅሰው አድርግ! ማለት ቀላል ነው። ለመንኳት፣ ከረሜላ ሰጠኋት፣ ተቆጣኋት፤ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። ፋሻ እንድታሽገኝ ብሰጣት በግራ እጇና በጥርሷ አሽጋኝ ሄደች።

ገበጣ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው። ጠጠር ማፈስና አንድ በአንድ መጣል ጣት ሳይከፈት አይሆንም። ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ አርባ ስምንት ድቡልቡል ጠጠር ለቀምኩ። በሆስፒታሉ ግቢ፣ ዛፍ ሥር፣ አሥራ ሁለት ጉድጓድ ማስኩ። በማግስቱ የወባ ሠራተኛው መርጫውን አዝሎ መጣና ውሃ ያቁራል ብሎ ሁሉንም በአፈር ደፈነው። ዝናብ ካየን አራት ወር ሆኖናል፣ የምን ውሃ ብዬ ጮህኩ። ደንብ ነው አለኝ።

ባቡር ጣቢያው ወርክሾፕ የሚሠራ አንድ አናጢ ነበር፤ ልጁን እኛ ዘንድ አሳክሞ ያውቃል። ከወፍራም ጣውላ ገበጣ ፈልፍሎ አመጣልኝ። አሁን ደግሞ የክፍሉ ኃላፊ ሲስተር ተነሡ። ሆስፒታል ነው ወይስ መሸታ ቤት አሉ። በአቶ በየነ ምልጃ ፈቀዱልኝ፤ ነገር ግን ከወንዝ የመጣ ጠጠር ነውና በየቀኑ ይቀቀል አሉ። እኔም በየጠዋቱ በመርፌ መቀቀያው አርባ ስምንት ጠጠር እቀቅል ነበር። የሚያልፍ የሚያገድመው ክዳኑን እያነሣ፣ በሰለ ወይ፣ ጨው አነሰው ወይ ይለኛል።

ከሳሃራ ጋር ተቀመጥን። በቀኝ እጅ ብቻ ነው የሚጫወተው አልኳት። ጠጠሮቹን እንደ ምንም በጣቷ ጫፍ እየገፋች አንድ ዙር ሄደች። እኔም እያወቅኩ ተሳሳትኩላት፤ አሸነፈች፤ ሳቀች። ከመጣች ወዲህ ስትስቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። በማግስቱም ተሸነፍኩላት። በሦስተኛው ቀን "ዋ ጉዴ! በላሽኝ!" እያልኩ ራሴን ያዝኩ፤ አጠገባችን ያሉት ልጆች ሳቁ፣ እሷ አልሳቀችም። እናቷ ደግሞ አላስቻላትም፤ ልጄን ደከማት እያለች ጠጠሩን ራሷ ታድልላታለች። ተይ ብላት እሺ ትላለች፣ ዘወር ስል ያው ናት።

በአምስተኛው ቀን ሳሃራ ገበጣውን ገፋችው። እጇ ተመልሶ አንሶላ ሥር ገባ።

"ከአንተ ጋር አልጫወትም" አለችኝ።

"ለምን? እያሸነፍሽኝ?"

"አንተ አትጫወትም።"

አልገባኝም። የልጅ ግትርነት መሰለኝ። በሰባተኛው ቀን፣ በስምንተኛው ቀን እንዲያው ለመንኳት። በዘጠነኛው ቀን ትዕግሥቴ አለቀና፣ እንግዲያውስ እጅሽ እንደዚሁ ይቅር አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ይህን ቃል ለልጅ መናገሬ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ኸድራን ገና አላነሣኋትም። ኸድራ የሳሃራ የአባቷ እኅት ናት፤ በጅቡቲ ባቡር የሚመጣ ጨርቅ ትነግዳለች፤ ስታወራ እስከ ከዚራ ሰፈር ይሰማል። ልጅቷ በገባች ሰሞን ከመጠየቂያ ሰዓት ውጭ ገብታ አልጋው ላይ ተዘርፍጣ፣ ለልጅቷ የመጣውን ሙዝ ስትበላ አገኘኋት። ልጅቷ ስታለቅስ፣ በዘይት የተቃጠልሽ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ ወይ ትላታለች። ተናድጄ ለዘበኛው ከእሑድ በቀር ይህች ሴት እንዳትገባ አልኩት። በሽተኛ የምታስለቅስ ሴት አልፈልግም ነበር።

ዶክተሩ ከሰጡት ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ጠዋት ትሮሊዬን እየገፋሁ ስገባ ኸድራ አልጋው ላይ እግሯን አጣጥፋ ተቀምጣለች። በማድ ቤቱ በር ነው የገባችው። ገበጣው በእሷና በሳሃራ መካከል ነው፤ ሰዓዳ ከግድግዳው ተደግፋ በጭንቀት ታያለች። ኸድራ የልጅቷን ጠጠር አንድ በአንድ እየበላች ወደ ራሷ ትሰበስባለች። ሳሃራ በግራ እጇ ትጫወታለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ኸድራ ምንም አልራራችም። "ሌላ ጠጠር አለሽ? የለሽም። አለቀልሽ" አለቻት። አዲስ ጨዋታ ጀመሩ። ሁለተኛውንም አሸነፈቻት።

ላስወጣት ተጠጋሁ። በሦስተኛው ጨዋታ መሐል ነበሩ። ኸድራ ጠጠር አፍሳ ስታድል የመጨረሻዎቹን አልጣለችም፤ እጇን ጨብጣ ጭኗ ላይ አኖረችው። እኔ አላየሁም ነበር። ሳሃራ ግን አየች።

"ኤዶ፣ ሰረቅሽ" አለች። ኤዶ በእነሱ አባባል የአባት እኅት ናት።

"ምን ሰረቅኩ?"

"እጅሽን ክፈቺ።"

ኸድራ ጭራሽ አጥብቃ ጨበጠች። ልጅቷ ዘልላ ተነሣች። በግራ እጇ የአክስቷን አንጓ ያዘች፣ በቀኝ እጇ የአክስቷን አውራ ጣት ፈልቅቃ አነሣች። ከዚያ ሌባ ጣቷን። ከዚያ የመሐሉን። ሳሃራ ጥርሷን ነክሳለች፤ ጣቶቿ ይገባሉ፣ ይይዛሉ፣ ይጎትታሉ። ሁለት ሳምንት ሙሉ እንዲንቀሳቀሱ የለመንኳቸው ጣቶች ናቸው። መዳፏ ዳር ላይ ትንሽ ደም ታየኝና እጄን ዘረጋሁ።

ኸድራ ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም። "ዋሪያ፣ ተቀመጥ" አለችኝ፤ አንተ ሰውዬ ማለቷ ነው።

ተቀመጥኩ።

የኸድራ እጅ ሲከፈት ውስጡ ሁለት ጠጠር ነበረ። ሳሃራ ጠጠሮቹን በቀኝ እጇ ነጥቃ ጉድጓዳቸው ውስጥ ጣለቻቸው፤ ከዚያ በኋላ በግራዋ መጫወት ረሳች። ሰዓዳ ፊቷን በሻሿ ሸፍና አለቀሰች። እኔም ዓይኔ እንባ ሞላ፤ ትሮሊዬን የማስተካክል መሰልኩ።

ኸድራን በኮሪደሩ ተከትዬ፣ እጇን ለማስከፈት ብለሽ ነው አይደል የሰረቅሽው አልኳት። እንደ ሞኝ አየችኝ።

"ወላሂ እኔ ሁልጊዜ እሰርቃለሁ" አለች። "መጋላ ሙሉ ያውቀኛል። አንተ ግን ምን ሆነህ ነው ለሕፃን የምትሸነፈው? የሞተች መሰለህ?"

ለዘበኛው ከእንግዲህ ኸድራ በፈለገች ሰዓት ትግባ አልኩት። መቼ ወጥታ ታውቃለችና አለኝ።

ሦስቱን ቀን ኸድራ እየመጣች አሸነፈቻት፣ ሰረቀቻት፣ አሳበደቻት። ዶክተሩ በቀጠሮው ቀን መጥተው እጇን ገልበጥ አድርገው አዩ። ከትንሿ ጣት በቀር ሁሉም ይዘረጋል። አዲስ አበባም ጀልዴሳም ቀረ። ምን አደረግህ ሲሉኝ ገበጣ አልኩ። ሲስተር ግን ካርዷ ላይ የጻፉት የፐርማንጋኔቱ ውሃ ጥሩ ውጤት እንደሰጠ ነው። አርባ ስምንት ጠጠር መቀቀሌን የሚያውቅ ወረቀት የለም።

የምትወጣ ቀን ጋሪው በር ላይ ቆሟል፣ ሰዓዳ ጓዟን ሸክፋለች። ሳሃራ ገበጣውን ይዛ ፊቴ ተቀመጠች። ልሸነፍላት አሰብኩ፤ መሰናበቻዋ ነው። ቀና ብላ አየችኝ። ተውኩት፤ እንደምችለው ተጫወትኩና አሸነፍኳት። ተናደደች። ጠጠሮቹን ሰብስባ፣ ትንሿ ጣቷ እንደታጠፈች፣ በቀኝ እጇ አራት አራት አድርጋ ደለደለች። "ድገም" አለችኝ። እናቷ ከውጭ ትጣራለች፣ ባለጋሪው ይጮሃል። ሁለተኛውንም አሸነፍኳት። ሦስተኛውን እሷ አሸነፈች፤ አልተውኩላትም።

ከዚያ በኋላ በሥሬ ለሠሩ ድሬሰሮች ሁሉ የነገርኳቸው አንድ ነገር ነው። ከታመመ ልጅ ጋር ስትጫወቱ ለማሸነፍ ተጫወቱ። እያወቃችሁ የተሸነፋችሁለት ልጅ፣ ተስፋ እንደቆረጣችሁበት ያውቃል።