ብርክ ወይስ ብርቅ

የመጀመሪያ ልጃችን የተወለደው በፈረንጆቹ 2020 ሰመር፣ በኮሮና ምክንያት ተዘግተው የከረሙት ካዚኖዎች እንደገና መከፈት በጀመሩበት ሰሞን ነው። ያኔ የምንኖረው ሴንቴኒያል ሂልስ የሚባል ሰፈር ነበር። ባለቤቴ የምትሠራበት ካዚኖ ገና አልጠራትም፤ እኔ ከከተማው ወጣ ብሎ ኤፔክስ በሚባል ቦታ ባለ መጋዘን ውስጥ የቀን ሺፍት እሠራ ነበር። አማቴ ልጃቸውን ሊያርሱ ቀደም ብለው ከአዲስ አበባ መጥተው፣ በረራው ሲቋረጥ እኛው ጋ ቀሩ። ዛሬ ያንን ዓመት ሳስታውስ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ ቤታችን እንዴት ሞልቶ እንደነበር ነው።

ቀጥሎ ባለው ቤት አንድ ጡረታ የወጡ አናጢ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በወጣትነታቸው ከኖርዌይ የመጡ ሰው ናቸው። ስማቸው ብርክ ይባላል። በእኛ ጆሮ ብርክ ማለት ሰው ሲፈራ ጉልበቱን የሚይዘው መንቀጥቀጥ ነው። አማቴ ስሙን መጀመሪያ የሰሙ ቀን በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ።

ምጡ የመጣው እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ ነው። መጋዘኑ ውስጥ የምንገባው ስልካችንን ሎከር ውስጥ ቆልፈን ስለሆነ ባለቤቴ ደጋግማ ብትደውል አላገኘችኝም። አማቴ እንግሊዝኛ አይችሉም። ወጥተው የጎረቤታችንን በር በመዳፋቸው ደበደቡ፤ ሰውዬው ሲከፍቱ በእጃቸው የሆድ ቅርጽ ሠርተው ወደ ቤታችን ጠቆሙ። ሽማግሌው ወዲያው ማስካቸውን አድርገው፣ የመኪናውን መስኮት ሁሉ ከፍተው፣ እናትና ልጅን በዚያ ሙቀት ሆስፒታል አደረሱ።

ከወላድ ጋር መግባት የሚችለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ባለቤቴ ቦታውን ለእኔ ያዘችልኝ። መልእክቱን አይቼ እየበረርኩ ስደርስ ሁለቱን ፓርኪንጉ ውስጥ፣ የሕንፃው ጥላ ሥር ተራርቀው ቆመው አገኘኋቸው። አማቴ ይጸልያሉ። ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው በእጃቸው ይዘዋል።

ልጁ በሰላም ተወለደ። ባለቤቴ ድካሙ ገና ሳይለቃት፣ “ስሙ ብርክ ይሁን” አለችኝ።

“እየቀለድሽ ነው?”

“አልቀለድኩም። እሳቸው ባይኖሩ ሳሎን ውስጥ ነበር የምወልደው።”

ስሙን ወዲያው አላስመዘገብንም፤ ሆስፒታሉ አስቡበት ብሎ ጥቂት ቀን ሰጠን። ቤት ስንገባ አስተያየቱ ይጎርፍ ጀመር። ታላቅ ወንድሜ ከአዲስ አበባ ደውሎ፣ “የአንተ የልጅ ልጆች እኮ በአባታቸው ስም ነው የሚጠሩት። አስተማሪ ሲጠራቸው ክፍሉ አይስቅም?” አለኝ። አብሮኝ የሚሠራው ያገሬ ልጅ ደግሞ እዚህ ተወልዶ እዚህ የሚያድግ ልጅ ስለ አማርኛ ትርጉሙ ምን አስጨነቀው ባይ ነው። ዋናው ተቃውሞ ግን ከአማቴ ነበር።

“ሰውዬውን እግዜር ይስጣቸው፣ ውለታቸውን አልረሳም” አሉ። “ግን ስንት የሚያምር ስም እያለ፣ የልጅ ልጄን በጠራሁ ቁጥር ብርክ ብርክ ልበል?”

  ባለቤቴ አንድ አመሻሽ ላይ ሕፃኑን ታቅፋ፣ እኔን አስከትላ ጓሮ ወጣችና በግንቡ አጥር በኩል ለባለ ስሙ ለራሳቸው ነገረቻቸው። የሽማግሌው ዓይን እንባ አቀረረ። ከዚያ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

“ተይው። እዚህ አገር ስሠራ ስሜን ከስድብ ጋር ቤት እያስመቱ ሲስቁብኝ ኖሬአለሁ። ልጁን አታስቸግሪው።”

“ትርጉሙ ምንድን ነው?” አለቻቸው።

“ዛፍ ነው። ግንዱ ነጭ ነው። እናቴ ቤት ጓሮ ነበረ፤ በረዶው ሲቀልጥ ቅጠሉን በመስኮት እናያለን።” ስልካቸውን በአጥሩ ላይ ዘርግተው ፎቶ አሳዩን። ነጫጭ ግንዶች ተደርድረው፣ ቅጠላቸው ገና ለጋ።

አማቴ ከኋላችን ቆመው ነበርና “ምን አሉ?” አሉኝ።

“እማማ፣ ይስቁበታልና ሌላ ስም አውጡለት ነው የሚሉት።”

አማቴ ፎቶውን አዩ፤ ሽማግሌውን አዩ። “እኔም ስቄ የለ” አሉ ቀስ ብለው። ሕፃኑን ከልጃቸው ተቀብለው ወደ አጥሩ ከፍ አደረጉትና የመጨረሻዋን ፊደል አጥብቀው “ብርቅ” አሉ። “ብርቅ ነው የኔ ልጅ። እናንተ በፈረንጅ ፊደል እንደፈለጋችሁ ጻፉት፤ እኔ የምጠራው እንዲህ ነው።”

ሽማግሌው ምን እንዳሉ ጠየቁኝ። “በኛ ቋንቋ እንደ ልብ የማይገኝ፣ ውድ ማለት ነው” አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና እንደ አማቴ ሊሉት ሞከሩ፤ ጉሮሯቸው እንቢ ብሎ ሳል ያዛቸው። ሁላችንም ሳቅን። ስሙ በዚያው ጸና።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ወራት በሕይወቴ ውስጥ ከማልረሳቸው ናቸው። ከሥራ ስመለስ አማቴና ሽማግሌው በየጓሯቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እሳቸው በአማርኛ፣ ሰውዬው በእንግሊዝኛ ሲያወሩ አገኛቸዋለሁ። ምን እንደሚግባቡ አላውቅም፤ ግን ወሬው አያልቅም። ሽማግሌው ለልጁ ከጥድ እንጨት የሚገፋ ጋሪ ሠሩለት፤ ቆይቶ መራመድ የተማረው እሱን እየገፋ ነው። ወንድሜም ሲደውል መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ብርቅ ሆነ።

በ2021 አማቴ አገራቸው ተመለሱ። በሚሄዱበት ጠዋት ሻንጣቸውን መኪና ላይ ስጭን ሽማግሌው ሊሰናበቱ ወጥተው እንደ ልማዳቸው ራቅ ብለው ቆሙ። አማቴ ቀጥ ብለው ሄደው፣ ማስካቸውን ዝቅ አድርገው፣ ጉንጫቸውን አገላብጠው ሳሟቸው። ሰውዬው ከዓመት በላይ ማንም ሳይነካቸው የኖሩ ናቸው። እጃቸው የት እንደሚያርፍ ጠፍቶባቸው ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ጎንበስ ብለው የአማቴን ትከሻ ያዙ፤ እኔም የጫንኩትን ሻንጣ እንደገና የማስተካክል መስዬ ፊቴን አዞርኩ።