ከብስክሌት ሳይወርዱ መሳለም

ነገ ልሄድ ነው የተባለ ማታ ቤታችን ሠርግ ቤት መሰለ። በከተማችን በመሐል ሜዳ የሚያውቀኝም የማያውቀኝም መጥቶ መከረኝ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች «ሆላንድ የሚሉት አገር ከባሕር በታች ነው አሉ። ውኃው ድንገት ቢመጣ በየት በኩል ትወጫለሽ?» ብለው ጠየቁኝና መልስ እስክሰጥ አፍጥጠው ጠበቁ። እኔ ምን አውቄ! እናቴ ደግሞ ያንን ከበግ ጠጉር የተሠራ ከባድ ባና ሻንጣዬ ውስጥ ትጠቀጥቃለች።

«እማዬ፣ እዚያ ብርድ ልብስ አለ እኮ።»

«ያለው ለእነሱ ነው» አለችና በጉልበቷ ተጫነችው።

አባቴ ቄስ ናቸው። ምክር አላበዙም፤ መስቀላቸውን አሳልመውኝ ራት ቀርቦ ሳይበሉ ወደ ጓዳ ገቡ። ሲነጋጋ ጉም ውስጥ በአውቶቡስ ወደ ደብረ ብርሃን ወረድኩ፤ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አውሮፕላን። ባናው ብቻውን የሻንጣዬን ግማሽ ይዞ አውሮፓ ገባ።

የሄድኩት ለትምህርት ነው። በወረዳችን ግብርና ቢሮ የእንስሳት ባለሙያ ነበርኩ፤ እንጀራዬ የመንዝ በግ ነበር። እነዚህ ሆላንዶችም በግ ይወዳሉ፣ ዩኒቨርሲቲያቸው ስለ በግ ያስተምራል፣ ነጻ የትምህርት ዕድል ሰጡኝ። ከተማዋ ትንሽ ናት፤ ከነዋሪው ተማሪው ሳይበልጥ አይቀርም። ብርዷን አትፍሪ ሲሉኝ በሆዴ ሳቅኩ። መንዝ ተወልዶ ብርድ የሚፈራ አለ እንዴ? ያስደነገጠኝ ሌላ ነው። አንደኛ፣ አገሩ አቀበት የለውም፣ ቁልቁለት የለውም። መሐል ሜዳ የሚለው ስም የሚገባው ለእነሱ ነበር። ሁለተኛ፣ ብስክሌቱ! ከባቡር ጣቢያው ስወጣ እኛ ጋ ዘመሮ ከተማ በገበያ ቀን በግ እንደሚታጎረው ብስክሌት ታጉሮ አገኘሁት። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም አሮጌ። ባለቤቱ የራሱን በምን ይለያል እያልኩ ቆሜ ቀረሁ።

ክፍል ያከራዩኝ ሴትዮ ኒንከ ይባላሉ፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ቀጥ ያሉ ጡረተኛ አስተማሪ ናቸው። በሩን ከፍተው ወደ ኋላዬ ወደ መንገዱ ተመለከቱ።

«ፓስፖርቴ ይኸውልዎ» አልኩ።

«እሱ ይቆይ። ብስክሌትሽስ?»

«የለኝም።»

«ተሰረቀብሽ?»

«ኧረ ኖሮኝም አያውቅ።»

«እግርሽን ያምሻል?»

«ደህና ነኝ እግዚአብሔር ይመስገን!»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። እኛ አገር በሠላሳ ዓመቴ አላገባሁም ስል እንደሚያዝኑልኝ ዓይነት አዘኑልኝ።

ያም ሆኖ ትምህርቴን በእግሬ ጨረስኩ። እነሱ ፊትስ ይሉታል ብስክሌቱን፤ እኔ ደግሞ በሩቁ ሰላም ብዬው አልፋለሁ። ቀዝቃዛ ዳቦ ምሳ ነው ብለው ሲበሉ በሶዬን በጥብጬ እጠጣለሁ፤ ሲያፏጩ እየሸሸሁ፣ ደወል ሲደውሉብኝ እየዘለልኩ ኖርኩ። ጣጣው የመጣው ከተመረቅኩ በኋላ ነው። ሥራ ካላገኘሁ የመኖሪያ ፈቃዴ ሊያበቃ ነው። ማመልከቻ ያልላክሁበት ቦታ የለም። እሺ ያለኝ አንድ ብቻ፣ ከከተማው ወጣ ያለ የበግ እርባታ። ኃላፊው ሃንስ የሚባል ረጅም ሰው ነው፤ ሲያናግረኝ ወገቡን ያጥፋል። «ጠዋት ግልገሎቹን በጡጦ ታጠቢያለሽ፣ ትመዝኛለሽ። ሦስት ወር እንሞክርሽ። ከተስማማን ውል እንፈራረማለን፣ ለፈቃድሽም እኛ እንጽፋለን» አለኝ።

«አውቶቡሱ በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» አልኩት።

«የምን አውቶቡስ?» አለኝ።

በቃ። ብስክሌት ወይም መሐል ሜዳ።

ያስተማሩኝ ኒንከ ናቸው፤ እግዜር ይስጣቸው። ኮርቻውን ከኋላ ይዘው በዚያ ዕድሜያቸው ይሮጣሉ፤ እኔ ደግሞ ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሴት ማስሮጤ አሳፍሮኝ ቶሎ ቶሎ እወድቃለሁ። «ጎማውን አትዪ፣ ወደፊት እዪ!» ይላሉ። ወደፊት ሳይ የጎረቤታቸው አጥር ነው፤ አጥሩ ውስጥ ገባሁ። ፍሬን መያዝ ከመማሬ በፊት በዚያ ሰፈር ያልገባሁበት አጥር አልቀረም። ደግሞ ነፋሱ! አቀበት የለም ብዬ ነበር አይደል? ለካስ ነፋሱ ነው አቀበታቸው። ለማንኛውም ቻልኩ። የቻልኩ ቀን ኒንከ ቤት ኬክ ቆረስን፣ እኔም እልል አልኩ፤ ጎረቤት ደንግጦ በመስኮት አየን።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ።

እኛ ዘንድ ሰው በቅሎም ላይ ይሁን ፈረስ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲደርስ ይወርዳል፣ ተሳልሞ፣ ጥቂት በእግሩ ሄዶ ነው ተመልሶ የሚቀመጠው። ትልቅ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝም እንዲሁ፤ ኮርቻ ላይ ተቀምጦ ሽማግሌ ሰላም የሚል ባለጌ ነው። ይኼን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ እግሬ ራሱ ያውቀዋል። እና የመጀመሪያው የሥራ ቀን ፈንጠር ፈንጠር እያልኩ ስሄድ ትልቅ የደወል ቤት ያለው ቤተ ክርስቲያን ብቅ አለ። ሳላስበው ወርጄ፣ አማትቤ፣ ብስክሌቴን እየሳብኩ ሄድኩ። ተመልሼ ከመውጣቴ ነጭ ፂም ያላቸው አባት ከፊት ለፊት መጡ። ወረድኩ። እሳቸውም ቆሙ።

«ጎማሽ ፈነዳ?»

«ኧረ አልፈነዳም። እንደምን አደሩ?»

ግራ ገባቸው። ትንሽ ሄድኩ፣ አሮጊት መጡ፣ ወረድኩ፤ እሳቸውም ከቦርሳቸው መንፊያ አውጥተው ደህናውን ጎማ ንፋስ ካልሞላሁ ብለው ታገሉኝ። እናንተዬ፣ የዚያ አገር ሽማግሌ እኮ ቤቱ አይቀመጥም! ሁሉም ብስክሌት ላይ ነው! እርባታው ስደርስ ግልገሎቹ በረሃብ ይጮኻሉ።

«መንገድ ላይ ምን ገጠመሽ?» አለ ሃንስ።

«ቤተ ክርስቲያን።»

ወገቡን አጥፎ አየኝ። «ቤተ ክርስቲያኑ ትናንትም እዚያው ነበር። ነገም አይሄድም። ስለዚህ ቀደም ብለሽ ተነሺ።»

ቀደም ብዬ ተነሣሁ። ለካ ጎህ ሲቀድ ወጣቱ ተኝቶ መንገዱን የሚሞሉት ሽማግሌዎች ናቸው። ጭራሽ ብሶት አረፈው።

ያንን ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ለኒንከ ባወራላቸው ሳቅ ሊገድላቸው። «እሱ ቤተ ክርስቲያንነቱ ከቀረ ቆይቷል። አሁን ቢራ ይጠመቅበታል» አሉኝ። ወይ ጉዴ! እኔ የቄስ ልጅ በየማለዳው እየወረድኩ የምሳለመው ቢራ ቤት ኖሯል። ታዲያ ካወቅሁ በኋላም እግሬ አልሰማ አለ። የደወሉን ቤት ሲያይ ይወርዳል።

አንድ ጠዋት ግን ነገሩ ከሳቅ አለፈ። ተማሪዎች በሰልፍ እየበረሩ፣ እኔም መሐላቸው፣ ከፊት ለፊት ጠጉራቸው ጥጥ የመሰለ አባት መጡ። ፍሬኔን ጨብጬ ዱብ አልኩ። ከኋላዬ አንዱ በአንዱ ላይ ተከመረ፤ የአንዷ ልጅ ጉልበት ደማ። ፖሊስ መጣ።

«ለምንድን ነው በድንገት የቆምሽው?»

«ትልቅ ሰው አየሁ።»

«ታውቂያቸዋለሽ?»

«አላውቃቸውም።»

«ታዲያ?»

«ትልቅ ናቸዋ!»

ፖሊሱ ወደ ሽማግሌው ዞረ። ሽማግሌው በስጨት ብለዋል። «ማን ነው ትልቅ?» አሉ። «እኔ ለውድድር እየተለማመድኩ ነው!» ይኸው ክብር ሰጥቼ ተሳዳቢ ሆኜ አረፍኩ። ፖሊሱ ሳቁን በጢሙ ሸፍኖ «እዚህ አገር ለትልቅ ሰው የሚሰጠው ክብር መንገድ አለመዝጋት ነው» ብሎ ለቀቀኝ። ልጅቷን ግን ይቅርታ እየለመንኩ ጉልበቷን በነጠላዬ አሰርኩላት። ቀልድ አልነበረም።

የዚያን ዕለት ሃንስ ወገቡን አላጠፈም፤ ቆሞ ነው የነገረኝ። «ሥራሽ ጥሩ ነው። በግ እንዳንቺ የሚያውቅ እዚህ የለኝም። ግን ግልገል ሽማግሌ አያውቅም፣ በሰዓቱ ነው የሚጠባው። ሦስት ወሩ ሊያልቅ ነው። ከእንግዲህ አንድ ቀን ካረፈድሽ ውሉን አልፈርምም።»

ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ደግሞ የሚያበሳጨው፣ እውነቱን ነው። እኔም በግ አሳዳሪ ነኝ፤ የተራበ ግልገል ድምፅ አውቃለሁ።

በማግሥቱ ተነሣሁና ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ። እግሬን ለምኜዋለሁ፣ ረግሜዋለሁ። የደወሉ ቤት መጣ፤ መሪውን በአንድ እጄ ይዤ በሌላው አማተብኩና አለፍኩት። አንድ አባት መጡ፣ ራሴን ዝቅ አድርጌ «እንደምን አደሩ!» ብዬ በአማርኛ ጮህኩባቸው፣ አለፍኳቸው። እጃቸውን አወዛወዙልኝ፤ ደስ ብሏቸው ሄዱ። ማንም አልተቀየመኝም፣ እኔ ብቻ ፊቴ ጋለ። ስድ የሆንኩ መሰለኝ። እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሦስት ወሩ አለቀ፣ አንድም ቀን ሳላረፍድ። ሃንስ ወገቡን አጥፎ ውሉን አመጣ፣ ፈረምኩ። የሁለት ዓመት ነው። ግልገሎቹ ፊት ብቻዬን እስክስታ ወረድኩ።

ቤት ደወልኩ። እናቴ ወፍጮ ቤት ሄዳ ስልኩን ያነሡት አባቴ ናቸው። ውሉን ልነግራቸው ነበር የደወልኩት፤ እሳቸው ግን መጀመሪያ «በምንድን ነው ሥራ የምትሄጂው?» አሉኝ። ብስክሌቱን ነገርኳቸው። አጥሩን ስነግራቸው ሳቁ፣ ቢራ ቤቱን ስነግራቸው «በስመ አብ!» ብለው ደግመው ሳቁ። ልባቸው ደስ ሲለው ጊዜ የቀረውንም ተናገርኩ።

«አባባ፣ አሁን ግን አልወርድም። ሽማግሌም ሳይ፣ ደብርም ሳልፍ። እንደተቀመጥኩ ነው የማልፈው። ሥራዬን ሊያሳጣኝ ነበር።»

ሊቆጡኝ ነው ብዬ ስልኩን ከጆሮዬ ትንሽ ራቅ አደረግሁት።

«እኔም አልወርድም» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ከበቅሎዋ። ጉልበቴ እምቢ ብሏል። በጾሙ መግቢያ ማርያም ደጅ እንደለመድኩት ወረድኩ፣ ተሳለምኩ፣ ልወጣ ብል የት አባቴ! እርካቡን የሚይዝልኝ ሰው ብጠብቅ፣ ማን ይመጣል? ልጁ ሁሉ ከተማ ገብቷል። ስቤያት ቤት ድረስ በእግሬ መጣሁ፤ ደረስኩ ስል መሽቷል። ከዚያ ወዲህ በቅሎዋ ላይ እንደተቀመጥኩ ነው ማርያምን የምሳለማት። እመቤቴ ትታዘበን ይሆናል? አትታዘብም።»

ይህን ሁሉ እየሳቁ ነው የሚያወሩት። እኔ አልሳቅሁም። ያንን እርካብ እስክሄድ ድረስ ስይዝላቸው የኖርኩት እኔ ነኝ።

«እማዬ ለምን አልነገረችኝም?»

«ሥራ ላይ ናት፣ አታስጨንቂያት አልኳት።»

«እመጣለሁ አባባ» አልኩ። ከአፌ አመለጠኝ። «መጥቼ እኔ እይዝልዎታለሁ።»

«እሰይ! መቼ?»

ውሉ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። መቼ ልበላቸው? የመንዝ ኔትወርክ እንደሆነ ሁሌም ይቆራረጣል፣ ማንም አይጠረጥረኝም ብዬ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ሃሎ? አባባ? ሃሎ?»

«ይሰማል» አሉ፣ ጥርት ባለ ድምፅ። «እኔ እሰማሻለሁ፣ የሺዬ።»

«ሃሎ?» አልኩ ደግሜ።