የዓሣውን ቦታ ያልደበቁት አጎቴ

አጎቴን በሚሊኒየሙ ዓመት ቀብረን ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሳለ፣ ጫሞ ሐይቅ ላይ አብሯቸው ዓሣ ያጠምድ የነበረው ጎረቤታችን፣ «ደግ ነበሩ፤ ግን ሞኝ ነበሩ» አለ። ደሜ ፈላ።

የበልግ ዝናብ ሲጀምር ቆሮሶ የሚባለው ዓሣ፣ ኩልፎ ወንዝ ሐይቁ ውስጥ በሚገባበት ዳርቻ ይታጨቃል። ሌላው አጥማጅ ቦታውን ካገኘ ድምፁን አጥፍቶ ጀልባውን ይሞላል። አጎቴ ግን መረባቸውን እንኳ ሳይጥሉ እጃቸውን እያውለበለቡ «ኑ! እዚህ ነው!» ብለው ይጣራሉ።

አንድ ጊዜ ተናድጄ «ለምን ይጠሯቸዋል?» ብላቸው፣ «ጌታ የሰበሰበውን እኔ ነኝ የምደብቀው?» አሉኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ጎረቤታችንን «ስንት በልግ እሳቸው ጠርተውህ ጀልባህን ሞላህ?» አልኩት። «ያኔ ለምን ሞኝ አላልካቸውም?»

የአጎቴ ባለቤት «ተው ልጄ፣ ለቅሶ ላይ ነን» አሉኝ። ሰውዬው አቀረቀረ እንጂ ይቅርታ አልጠየቀም።

በቀጣዩ በልግ ሐይቁ ላይ የሚጣራ ሰው አልነበረም። ጀልባዎቹ ተራርቀው፣ እየተደባበቁ ዋሉ። ማታ ጎረቤታችን ባዶ መረቡን ተሸክሞ ሲመለስ አገኘኝና፣ «ዓሣው ዘንድሮ የት ነው?» አለኝ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«ሂድና አጎቴን ጠይቃቸው» አልኩት።