ሳውና የበተነው የፍቅር መጽሐፍ

ጎረቤቴ ቬርና ሰው የሚሞትበት መጽሐፍ አታነብም። ባሏንና ሁለት እህቶቿን ቀብራለች፤ ቀኑን ሙሉ የምታጥበውም በአረጋውያን መኖሪያ ቤት የሞቱና ለመሞት የተቃረቡ ሰዎችን አንሶላ ነው። «ሞት በሥራ ሰዓት ይበቃኛል» ትላለች።

ስለዚህ የምታነበው አስማተኞች የሚዋደዱባቸውን ወፋፍራም ልቦለዶች ነው። እሷ ከበረዶ ወገን፣ እሱ ከእሳት ወገን። ከተነካኩ የአንዱ ኃይል የሌላውን ያጠፋል፤ ሕጉም ወገኖቻቸውም ይከለክሏቸዋል፤ እነሱ ግን አይሰሙም። ቬርና ከሥራ ስትመለስ ያበጠ እግሯን ሙቅ ውሃ ውስጥ ነክራ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ታነባለች። የሚሳሳሙበት ገጽ ላይ ስትደርስ ውሃው እስኪቀዘቅዝ እዚያው ትቆያለች።

ችግሩ የእነዚህ መጻሕፍት መጨረሻ አለመታመኑ ነው። ያንን የሚያጣራላት ባሌ ሬይኖ ነበር። ጡረታ እስኪወጣ የበረዶ መጥረጊያ መኪና የነዳ፣ ከጋዜጣ ሌላ የማያነብ ሰው። ቬርና በጓሮ በር ትገባና አዲሱን መጽሐፍ ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጥለታለች፤ እሱ የመጨረሻውን ምዕራፍ ብቻ ያነብና «ሂጂ» ወይም «ተይው» ይላታል። ሌላ ቃል አይጨምርም። እኔ ታሪክ ተምሬ በአውራጃው መዝገብ ቤት የምሠራ ሰው ስለሆንኩ፣ መጽሐፍ ከኋላ ሲጀመር ያናድደኝ ነበር። «መንገዱ የት እንደሚያልቅ ሳታውቂ በበረዶ አትነጂም» ይለኝ ነበር ሬይኖ።

በመጋቢት ሞተ። የዚያን ሰሞን የጀመረችው የቬርና መጽሐፍ፣ መጨረሻውን ሳያይላት፣ ግማሹ ላይ ቆመ።

እስከ ጥቅምት ታገሠች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለሳውና፣ በጓሮዋ በማገዶ ለሚሞቀው የእንፋሎት መታጠቢያ፣ ስሄድ ፎጣ አገልድማ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። እቅፏ ሙሉ የተበታተነ ወረቀት ነው።

«ምን ሆነሽ ነው?»

«የመጣው ይምጣ፣ ጨርሼው ልገላገል ብዬ ይዤው ገባሁ። ላይኛው አግዳሚ ላይ ወጥቼ ስገልጠው ሙጫው ቀለጠና እንደ ቅጠል ረገፈ። ግማሹ ባልዲው ውስጥ ገባ።»

«ዕድሜሽን ሙሉ ሳውና ገብተሽ፣ መጽሐፍ ይዘሽ?»

«እናቴ ልብስሽን ውጪ ተይ አለችኝ እንጂ መጽሐፍሽን አላለችኝም።»

ገጾቹ ተደባልቀዋል፤ ጫፋቸው ከወዲሁ ተቆልምሟል። «አንቺ ወረቀት ታውቂያለሽ፣ አይላ። አስተካክይልኝ» አለች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ማገዶው ክምር አዞረች። «ስታስተካክዪ መጨረሻውን ማየትሽ አይቀርም። ካየሽው፣ ሬይኖ እንደሚለኝ በይኝ።»

ደክሞኝ ነበር። ከመጋቢት ወዲህ ተኝቼ ስነሳም ይደክመኛል። እምቢ ልላት አስቤ ነበር፤ ግን ወረቀቱን ተቀበልኳት።

ውሃ የገባባቸውን መዝገቦች እንደማደርገው፣ እርጥቡን ገጽ በደረቅ ወረቀት መሃል እያስገባሁ ክብደት ጫንኩበት። ሲደርቅ በገጽ ቁጥሩ መደርደር በቂ ነበር፤ ማንበብ አያስፈልገኝም። ግን በሬይኖ ወንበር ተቀምጬ አነበብኩ። የእሳቱ ሰው ካዶር ዓይኑ መጀመሪያ ግራጫ ነበር፤ ኋላ ቡናማ ሆነ። እንዲህ ያለ ግድየለሽነት ያበሳጨኛል። ካዶር ሲሞት ግን ወረቀቱን አስቀመጥኩ። የበረዶዋ ልጅ ኔቭራ እጁን ይዛ ተቀምጣለች፤ በረዶ ፊቱ ላይ ይወርዳል፤ አይቀልጥም።

ሬይኖ ቢሆን «ተይው» ይላት ነበር።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ገጾቹን በክር ሰፍቼ ወሰድኩላት። የሳውናዋ ልብስ ማውለቂያ ክፍል ውስጥ ነበርን፤ ከሳውና በኋላ የምንበላው ሥጋና ድንች የተሞላ ፓስቲ ምድጃው ጠርዝ ላይ ይሞቃል፤ ሽታው ክፍሉን ሞልቶታል።

«እህ? ልሂድ ወይስ ልተወው?»

«ካዶር ይሞታል።»

ቬርና የፎጣዋን ጠርዝ አጠፈች፤ መልሳ ዘረጋችው። «አንቺ ደግሞ እንደ ሐኪም ነው የምትናገሪው። ነፍሱን ይማረውና እሱ ‹ተይው› ብቻ ነበር የሚለኝ።»

«ተይው አላልኩሽም። መጽሐፉ እሱ ሲሞት አያልቅም፤ አንድ ምዕራፍ ይቀራል።»

«ምን ቀረና? ለቅሶ?»

«ለቅሶ የለበትም። ኔቭራ አብረው ይኖሩበት ወደነበረው ጎጆ ትመለስና ምድጃውን ታቀጣጥላለች።»

«የበረዶ ልጅ? በየትኛው አስማቷ?»

«በክብሪት። ደጋግሞ ይጠፋባታል።»

ቬርና ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆነባትና ደረቷን ያዘች። «እሳት ነክታ አታውቅም እኮ። ሁልጊዜ እሱ ነበር የሚያነድላት።»

«አዎ።»

ቬርና እኛ ቤት ሳውናውን ያነድ የነበረው ማን እንደሆነ ታውቃለች፤ ከመጋቢት ወዲህ ከጭስ ማውጫው ጭስ ወጥቶ እንደማያውቅም በመስኮቷ ታያለች።

«ማገዶ አለሽ?»

«ሬይኖ ፈልጦ ከምሮት ነው የሄደው።»

«እንግዲያው የመጪው ቅዳሜ ሳውና ካንቺ ጋ ነው። እኔ ግን ክብሪቱን አልነካልሽም።»

መጽሐፉን ከእጄ ወሰደችና ያቆመችበትን ገጽ ፈለገች። ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ግቢ አንቺ፣ እኔ እዚሁ ነኝ» አለችኝ። «ይኼን ይዤ ሁለተኛ አልገባም።»