ከመኪናው ሥር ያልኩት አሚን

ረቡዕ ማለዳ ከደሴ ስነሳ ጉዳዬ አንድ ነበር፤ መካነ ሰላም ያለችውን አክስቴን ዘሀራን አምጥቶ ዓርብ ጠዋት ሐኪም ቤት ማድረስ። የዓይን ሞራዋን የሚገፍፉላት ሐኪሞች የመጡት ለጥቂት ቀን ነው፤ ወረፋው ያለፈው ሰው እንደገና መቼ እንደሚደርሰው አይታወቅም። ባለቤቴ "በአውቶቡስ ሂድ፣ የዚች መኪና ሆድ መሬት ይልሳል" ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም።

ጉጉፍቱ ላይ

ጉሙ ዋጠኝ፤ ኩርባው ላይ ደግሞ አንዱ ጎማ ተነፈሰ። እንደ አገራችን ሹፌር ሁሉ ከፊትም ከኋላም ትልልቅ ድንጋይ ደርድሬ ጎማውን ቀየርኩ። እጄን የጠረግሁበትን ቀይ ጨርቅ እዚያው ጥዬ ከብርዱ ሸሽቼ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ድንጋዩንስ? ማን ሲያነሳ አይቼ!

አቀስታ ላይ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ በላሁ። ከዚያ ወዲያ ገብስ የተዘራበት ሜዳ ነው፤ ባና የደረቡ ሰዎች በጎቻቸውን ወደ ገበያ ይነዳሉ። መካነ ሰላም ስደርስ አክስቴ ጓዟን አስራ ደጅ ተቀምጣለች። "መጣህልኝ?" አለች፣ ፊቴን በእጇ እየዳበሰች።

መልስ

ሐሙስ ጉጉፍቱ ስንደርስ ጉሙ ከትናንቱ ብሶ ነበር። ከሥራችን ቋ! አለ። ቀዩ የዘይት መብራት ሲበራ ወዲያው ሞተሩን አጠፋሁ። ወርጄ ባጎነብስ የሞተሩ ዘይት መያዣ ተሰንጥቆ ጥቁር ዘይት ይንጠባጠባል። ከኋላችን ድንጋዩ ተገልብጧል፤ አጠገቡ ቀዩ ጨርቄ። በዚያ ብርድ ላብ አጠመቀኝ።

ድምፁን የሰሙ ገበሬዎች "አብሽሩ! አብሽሩ!" እያሉ መጥተው መኪናዋን ወደ ዳር ገፉልን። ሸህ ይማም የሚባሉ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ለአክስቴ ደረቡላት። አንዱ ከመኪናው ሥር የምተኛበት ጭድ አመጣልኝ፤ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ቆሞ የሞተር ዘይት ሰጠኝ። ከሥር ገብቼ ስንጥቁን እስኪደርቅ ጠራረግሁና ከአክስቴ ጓዝ የወጣ የልብስ ሳሙና እያሸሁ ጠቀጠቅሁበት። ሹፌሮችን እስከ ጋራዥ የሚያደርሳቸው ይኸው ነው።

ይሄኔ ሸህ ይማም እጃቸውን ዘረጉ።

"ይሄን ድንጋይ ጥሎ የሄደውን፣ ይችን ሚስኪን ያጉላላትን፣ ያ አላህ፣ መንገዱን ሁሉ ድንጋይ አርግበት!"

"አሚን!" አሉ ሁሉም።

ወሎ ውስጥ ዱዓ ሲደረግ ዝም የሚል ሰው የለም። እኔም ሳሙናዬን እንደያዝኩ፣ ከመኪናው ሥር፣ "አሚን" አልኩ።

ዘይቱን ሞላሁ፣ ሞተሩ ተነሳ፣ አመስግኜ ነዳሁ። አፌን ሞልቼ ያመሰገንኩት ነገር ዛሬም ያሳፍረኛል። ጥቂት እንደሄድን አክስቴ፣ "ሰኢዶ፣ አሚንህ ቀጠነችብኝ" አለች። ዓይኗ ቢጋረድ ጆሮዋ ሌላ ነው። ሁሉንም ነገርኳት።

"ተመለስ።"

"አክስቴ፣ ሳሙናው ቢለቅቅስ? ወረፋሽስ?"

"ዓይኔ ሲበራ መጀመሪያ የማየው የተረገመ የወንድሜን ልጅ ነው? ተመለስ አልኩህ!"

ስንመለስ ሰዎቹ የቀሩትን ድንጋዮች ከመንገዱ እያነሱ ነበር። ሸህ ይማም ፊት ቆሜ፣ "ድንጋዩን የተውኩት እኔ ነኝ" አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። "ታዲያ አሚን ያልከው ምን አስበህ ነው?"

አንደኛው ሳቁን መያዝ አቅቶት ፊቱን አዞረ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሸህ ይማም ግን ሳይስቁ እጃቸውን እንደገና ዘረጉ። "ያረቢ፣ አላወቅንም ነበር፤ መንገዱን አቅናለት።"

ሁሉም አሚን አሉ። እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ድምፅ አልወጣኝም።

ደሴ

ሳሙናው ቤት አደረሰን። ዓርብ አክስቴ ለወረፋዋ ደረሰች፤ መኪናዋም ጋራዥ ገብታ የዘይት መያዣው ወርዶ ተበየደ። ጉዞው ድንጋይ ማንሳት አስተማረኝ ብል ውሸት ነው፤ ያንንማ ድሮም አውቀው ነበር። ለሰው ከእርግማን ይልቅ ምርቃት ሊከብደው እንደሚችል ግን አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ፋሻው ሲነሳላት አክስቴ መጀመሪያ ያየችው እኔን ነው። ትክ ብላ አየችኝ። ዓይኔን የሰበርኩት እኔ ነበርኩ።