መኪና ስጠብቅ የሠራኋቸው ሹራቦች

ጊዜ ማባከን አልወድም። ይህን የምለው ራሴን ለማሞገስ አይደለም። እንዲያውም ይሄው ጠባዬ አንድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ እንዴት እንዳታለለኝ ላወራ ነው።

በደርግ ጊዜ አንኮበር አስተማሪ ሆኜ ተመደብኩ። ባለቤቴ ሰሜን ጦር ግንባር ስለነበር ሁለት ዓመት ያልሞላት ልጄን ይዤ ብቻዬን ሄድኩ። ክረምቱ ሳይወጣ ልጅቷን ሳንባ ምች ያዛት። የአንኮበር ጉም ውጭ መቆም አይበቃውም፣ ቤት ድረስ ይገባል። የተከራየሁት ክፍል ግድግዳው ሁልጊዜ እርጥብ ነበር። እኔ ደግሞ በሁለቱም ፈረቃ ስለማስተምር ቀኑን ሙሉ ልጄን የሚያይልኝ ሰው አልነበረም። እናቴ ከደብረ ብርሃን መጥታ ግድግዳውን በእጇ ዳሰሰችና፣ ብዙ ሳትናገር ልጅቷን አዝላ ወሰደቻት። «ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣሽ ታያታለሽ፤ ደብረ ብርሃን ሩቅ አይደለም» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ አርባ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ችግሩ መኪናው ነበር። ጠዋት ከደብረ ብርሃን ሸቀጥ ይዞ የሚመጣ፣ አራግፎ ደግሞ ሰው ጭኖ የሚመለስ አንድ የጭነት መኪና አለ። ናፍጣ ካገኘ ይመጣል፣ ካላገኘ ይቀራል። ሲመጣም አንዳንዴ በሦስት ሰዓት፣ አንዳንዴ በስምንት ሰዓት ነው፤ ቁርጡን የሚነግረን ሰው አልነበረም። ቀድሞ ያልተገኘ ደግሞ ቦታ አያገኝም። ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀበሌ ያወጣሁትን የይለፍ ወረቀት በቦርሳዬ ይዤ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት መንገድ ዳር ካለችው ግንድ ላይ እቀመጣለሁ።

አብረውኝ የሚጠብቁት ሰዎች ያበሽቁኝ ነበር። አንዱ ጋቢውን ተከናንቦ ያንቀላፋል። ሌላው ተነሥቶ መንገዱን አይቶ ይመለሳል፣ ደግሞ ተነሥቶ ያያል፣ ሾፌሩን ይረግማል፣ ይቀመጣል። ስንት ሰዓት በከንቱ ሄደ እያልኩ በሆዴ እታዘባቸዋለሁ። እኔማ ቦርሳዬን ሞልቼ ነው የምመጣው። መጀመሪያ የተማሪዎቼን ደብተር አርማለሁ። ቀጥሎ የሳምንቱን የትምህርት ዕቅድ እጽፋለሁ። እሱ ሲያልቅ ኪሮሼንና ክሬን አውጥቼ ለልጄ ሹራብ እሠራለሁ። እነዚያው የማማቸው ሰዎች «አንቺስ ጊዜ ታውቂያለሽ» ሲሉኝ ደስ ይለኛል። መኪናው የቀረ ቀን እንኳ የሳምንቱን ሥራ ጨርሼ ስለምገባ ያን ያህል አይከፋኝም ነበር። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፣ ግን እውነቱ ይሄ ነው።

የደረስኩ ቀን ደግሞ ሥራ አላጣም። ልጅቷን አጥባለሁ፣ ጥፍሯን እቆርጣለሁ፣ ፀጉሯን እሠራለሁ፣ አዲሱን ሹራብ አወጣና በጭንቅላቷ አስገባለሁ። ሁልጊዜ ይጠብባታል። አንገቱ አላስገባ ይላል፣ ጆሮዋን ያጥፈዋል፣ ክሩም ይኮሰኩሳታል፣ ታለቅሳለች። ልኳን በስንዝሬ የምወስደው በመጣሁ ቁጥር ነው፤ በመሀል ሁለት ሦስት ቅዳሜ መኪና ይቀራል።

«ልጅ እኮ ያድጋል» አለችኝ እናቴ አንድ ቀን። «አንቺ የምትሠሪው ላለፈው ወር ልጅ ነው።»

ሹራቡን ተርትሬ ክሩን ጠቀለልኩና ይዤ ተመለስኩ። በሚቀጥለው ጥበቃ እንደገና ጀመርኩት።

ሚያዝያ ውስጥ ነው፣ ሦስት ሳምንት ቆይቼ ሄድኩ። ልጄ ስታየኝ ወደ እናቴ ሮጣ ቀሚሷ ውስጥ ተሸሸገች። እናቴ ልታግባባን ብላ፣ «ነይ እንጂ፣ ይቺ ማናት?» አለቻት።

ልጅቷ አንድ ዓይኗን ብቻ አውጥታ አየችኝና፣ «ሹራብ» አለች።

እናቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። እናቴ ፊቴን አይታ ሳቋን አቆመች። ውሃ ልቅዳ ብዬ ወደ ጓሮ ወጣሁና በርሜሉን ተደግፌ አለቀስኩ። ልጄ ስሜን ብትረሳው ምንም አልነበረም። እሷ ግን አልረሳችኝም፤ ማን እንደሆንኩ ጠንቅቃ ታውቃለች። አልፎ አልፎ የምትመጣ፣ አንገት የምታንቅ ሴት ነኝ።

ከዚህ ነገር ወዲያው የተማርኩ እንዳይመስላችሁ። አንኮበር ስመለስ ያሰብኩት መፍትሔ ለስለስ ያለ ክር መግዛት ነበር።

የሚቀጥሉት ሁለት ቅዳሜዎች መኪናው አልመጣም። በሦስተኛው እንደ ልማዴ ግንዷ ላይ ተቀምጬ ደብተር አርማለሁ። ሁልጊዜ በዚያ ሰዓት የሚያልፉ አንድ የአሊዩ አምባ ነጋዴ አሉ። ዓርብ አንኮበር ያድሩና ቅዳሜ ማለዳ ሁለት አህያ በርበሬ ጭነው ወደ ደብረ ብርሃን ይወጣሉ። ዓመቱን ሙሉ ሰላም ሲሉኝ ቀና ሳልል ነበር የምመልስላቸው። የዚያን ቀን ግን ሰላም ብለውኝ አላለፉም፤ ቆሙ። አህዮቹም ጥግ ይዘው ሣር መንጨት ጀመሩ።

«አስተማሪ፣ ባለፈው ቅዳሜ መኪናው መጣልሽ?»

«አልመጣም አባባ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠብቄ ገባሁ።»

«እኔ የዚያን ዕለት የዐስርን ሶላት ደብረ ብርሃን ሰገድኩ፣ አልሀምዱሊላህ። በዚህ ጉልበቴ፣ አህያ እየነዳሁ።»

«እኔ እንኳ ሥራዬን እየሠራሁ ነው የምጠብቀው» አልኳቸው፤ ነገሩ ትንሽ ቆርቁሮኛል።

«እሱንማ አያለሁ። እዚያ ማን አለሽ?»

«ልጄ። ሦስት ዓመት ሊሞላት ነው።»

ጭኔ ላይ የተከመረውን ደብተር፣ ከቦርሳዬ ብቅ ያለውን ኪሮሽ አዩ። «እኔ ደግሞ እንዲህ ተረጋግተሽ ስትሠሪ ሳይሽ፣ የሚያቻኩልሽ ሰው የለም ብዬ ነበር» አሉ። ከዚያ አህዮቻቸውን «ሂድ» ብለው መንገድ ጀመሩ።

ተናደድኩ። የእኔን ኑሮ ምን ያውቃሉ አልኩ። የቀረችኝን አንዲት ደብተር ከፈትኩና ቀይ እስክሪብቶዬን አነሣሁ፤ አንድ መስመር ሦስት ጊዜ አንብቤ አልገባኝ አለ። ያልገባኝ ተማሪው የጻፈው አልነበረም። እነዚያ ያላገጥኩባቸው ሰዎች፣ እየተነሡ መንገድ የሚያዩት፣ የሚረግሙት፣ ቢያንስ ቸኩለው ነበር። እኔም ባዶ እጄን ብቀመጥ ኖሮ በመጀመሪያው ወር አብጄ በእግሬ እነሣ ነበር። ሥራው ጥበቃውን አስቻለኝ፣ መቻል ያልነበረብኝን ነገር።

ደብተሮቹን አጠገቤ ለተቀመጡት ሴትዮ፣ ለጎረቤቴ፣ አደራ ሰጠሁና ተነሣሁ።

«የት ልትሄጂ ነው?» አሉኝ።

«ደብረ ብርሃን።»

«መኪናው ሳይመጣ?»

ነጋዴውን ዳገቱ ላይ ደረስኩባቸው። ዞር ብለው አዩኝና አንዱን አህያ እንድነዳ አርጩሜ ሰጡኝ። ዳገቱን ከጨረስን በኋላ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ነፋሱ ግን ፊት ይገርፋል። ስለ በርበሬ ዋጋ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ልጆቻቸው አወሩኝ። አምስት ሰዓት ላይ የጭነት መኪናው ከፊታችን መጣ። ያን ቀን ናፍጣ አግኝቷል። በአጠገባችን ወደ አንኮበር አለፈ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሰው ጢም አድርጎ ጭኖ ከኋላችን ደረሰብን። ረዳቱ ቦታ እንደሌለ በእጁ አሳየኝ። ጎረቤቴ ከላይ ሆነው ነጠላቸውን እያውለበለቡ ሳቁብኝ። ነጋዴውም እኔም ሳቅን፤ የዚያን ዕለት እንኳ መጠበቅ ነበረብኝ።

ከተማው መግቢያ ላይ ነጋዴውን ተሰናብቼ እናቴ ቤት ስደርስ አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል። የሸራ ጫማዬ ተረከዜን ልጦታል። ልጠባት፣ ጥፍሯን ልቁረጥ፣ ልለካት የሚል ጉልበት አልነበረኝም። ጫማዬን አውልቄ መደቡ ላይ ተዘረርኩ። ልጄ በር ላይ ቆማ ብዙ ቆየች። ከቦርሳዬ ምንም እንደማይወጣ ስታውቅ ቀስ ብላ መጣችና ተረከዜን በጣቷ ነካችው።

«ቆስሏል» አለች።

«አዎ፣ ቆስሏል» አልኳት።

ሄዳ ለእናቴ ነገረቻት። ተመልሳ መጥታ እግሬ አጠገብ ተቀመጠች። የዚያን ዕለት ሌላ ምንም አልሆነም። እሁድ ከሰዓት በመንግሥት መኪና ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ በእግሬ መሄድ ጀመርኩ፤ ነጋዴው ሲኖሩ ከእሳቸው ጋር፣ ሳይኖሩ ከሌላ መንገደኛ ጋር። ደብተር የማርመው በየምሽቱ ሆነ፣ ሹራቡ ቀረ። እግሬም ለመደ። ልጄ ግን አልቸኮለችም። አንድ ቀን ከእጄ ዳቦ ተቀበለች። ሌላ ቀን ጉልበቴ ላይ ተኛች። ምንም ብላ ግን አልጠራችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋትም።

ሰኔ መግቢያ ላይ በር ስደርስ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀምጣ አገኘኋት። እናቴ ከውስጥ ወጣች።

«ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ናት» አለችኝ። «ብርድ ነው ግቢ ብላት እምቢ አለችኝ። ልጆቹ ለጨዋታ መጥተው ጠሯት፣ አልሄድም አለች።»

ፊቷ ቁጭ አልኩና፣ የአስተማሪ ነገር፣ «ቀኑን ሙሉ እዚህ ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» አልኳት።

ጥያቄው ግራ ገባት። ሁለቱን እጆቿን ጭኗ ላይ እንዳደረገች አየችኝ።

«ምንም» አለች። «እማዬን ስጠብቅ።»

አቀፍኳት። በአንኮበር መንገድ ዳር ያን ሁሉ ቅዳሜ ስቀመጥ፣ እኔ አንድም ቀን እንደዚያ አልጠበቅኋትም።